ጆሮዬ ሻግቶ ሽምግልና የተቀመጥሁበት ሳምንት

ሰኞ

ብዕሩን የያዘችው ምራቴ ውዴ ናት፤ ቃሉ የእኔ ነው። የማስጽፈውም ወድጄ አይደለም። ደባርቅ ያየችኝ ሐኪም «ጆሮዎ ውስጥ የጨመሩትንና የተሰማዎትን በየቀኑ አስጽፈው ይምጡ» ስላለችኝ ነው።

ግራ ጆሮዬ ከፍልሰታ ጀምሮ ያሳክከኛል። ማሳከክ ብቻ ቢሆን በወደድሁ። ይደፈናል፣ ይጮኻል፣ እርጥብ ነገር ይወጣዋል፣ ትራሴ ይሸታል። ሰው ሲያናግረኝ ጋን ውስጥ ገብቶ የሚያወራ ይመስለኛል።

ሐኪሟ ልጅ ናት፤ የልጅ ልጄን ብታክል ነው። በመብራት አየችና «አባቴ፣ ጆሮዎ ሻግቷል» አለችኝ።

«ምን ሆኗል?»

«ሻግቷል። እንጀራ እርጥበት ሲያገኘው እንደሚሻግተው። ነጩም ጥቁሩም ይታየኛል።»

እኔ የከረመ እንጀራ ነኝ? ተነሥቼ ልወጣ ስል ውዴ ጋቢዬን ይዛ አስቀመጠችኝ።

ከዚያ ምን ምን ጨመሩበት አለች። ተናገርሁ። መጀመሪያ ብርድ መስሎኝ ጥጥ ወተፍሁበት። ሲያሳክከኝ በዶሮ ላባ ኮረኮርሁት። አንዱ ጎረቤት ነጭ ሽንኩርት አለ፣ ጨመርሁ። ሌላው ቅቤ አለ፣ ጨመርሁ። ዳባት ከመድኃኒት ቤት ጠብታ ገዛሁ፤ ሲያልቅ ሌላ ደገምሁ፤ ባሰ። ለጉልበቴም ጠበል እጠመቃለሁና በየጧቱ ጆሮዬን በጠበሉ እሞላዋለሁ። ከዚያ በረከቱ እንዳይፈስ ጥጡን መልሼ እወትፋለሁ።

ልጅቱ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። «እርጥቡን ከድነው አሳደጉት እኮ! ላባው ቆዳውን ጫረው። ያ ጠብታ ደግሞ የሌላ ሕመም ነው፤ ለሻጋታው ሜዳውን ለቀቀለት።»

ስኳር አለብዎት ወይ ብላ ጣቴን ወጋችው። «እኔ የምወደው ማር ነው» አልኋት፤ ሳቀች። ስኳር የለብኝም። በቀጭን ቱቦ ጆሮዬን ስትመጥጠው ዓለም ዞረብኝ። የወጣውን አሳየችኝ፤ ጥቁር የተነሰነሰበት እርጥብ ወረቀት ይመስላል። ታምቡሩ ደኅና ነው አለች። የሻጋታ ጠብታ ጧትና ማታ፣ በጎኔ ተጋድሜ፤ ተሻለኝ ብዬ እንዳላቋርጥ። ላባ የለም፣ ክብሪት እንጨት የለም፣ ቅቤ የለም። ውሃ ጠብ እንዳይልበት። ስታጠብ ብቻ ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ፣ ወዲያው ማውጣት።

መቼ እሰማለሁ ብላት «ቀስ እያለ» አለችኝ። ቀስ የሚል ጊዜ የለኝም። ሙጬና አዲሱ የሚባሉ ወንድማማች በአባታቸው መሬት ድንበር ተጣልተው ክላሽ እስከ መማዘዝ ደርሰዋል። ሐሙስ ለየብቻ እንሰማቸዋለን፤ ቅዳሜ እናስታርቃቸዋለን። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ እኔ ነኝ።

ማክሰኞ

ጠበል ተከለከልሁ ብዬ ውዴ ላይ ጮህሁ። «እኔ ምን አደረግሁ አባባ? ጸሐፊ ነኝ» አለች።

የነፍስ አባቴ ቄሱ መጡ። እሳቸውም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ናቸው። ይፈርዱልኛል ብዬ ነገርኋቸው።

«ጠበል ይጠጣ የለም እንዴ? ጠጣ። ለጉልበትህ ከአንገት በታች ተጠመቅ። ደግሞ በረከትን በጥጥ ትደፍናለህ? የእግዚአብሔር ቸርነት እንደ አረቄ ይተናል?»

ትናንት ለልጅ ተሸነፍሁ፤ ዛሬ ለካህን።

ረቡዕ

ያሳክካል። ያሳክካል። ያሳክካል። ውዴ ግቢውን ጠርጋ ላባውን ሁሉ አቃጥላዋለች። ዶሮዋን ራሷን ትኩር ብዬ አየኋት።

ጠብታው ይቀዘቅዛል፤ ወደ ጉሮሮዬ የሚወርድ ይመስለኛል። ሰው ሁሉ ይጮህብኛል። አንዱን «ደንቆሮ ነኝ እንዴ?» ብዬ ብጠይቀው «አዎ» ብሎ ጮኸብኝ። ባለጌ።

ሐሙስ

ሙጬን ሰማን። ማለት፣ ሌሎቹ ሰሙት። ሙጬ ድምፁ ከጥርሱ አይወጣም፤ የተቀመጠውም በግራዬ ነው። ድገመው ማለት አፈርሁ። ሰብሳቢ ድገመው ይላል? እያየሁት ራሴን ነቀነቅሁ። አዲሱ ነጎድጓድ ነው፤ እሱንስ ሰማሁት።

ዓርብ

ቄሱ ፊታቸው ጠቁሮ በጧት መጡ። «ምን አስነቀነቀህ?»

ሙጬ ትናንት ያለው ለካ «ወንድሜ እሺ ካላለ እሑድ የድንበሩን ድንጋይ ነቅዬ በልኬ እተክላለሁ» ነው። እኔ ነቀነቅሁ። ሌሎቹ የእኔን ራስ አይተው ዝም አሉ፤ ሰብሳቢ ከነቀነቀ ማን ይናገራል? አሁን ሙጬ «ሰብሳቢው ፈቅደውልኛል» እያለ ነው። አዲሱም ሰምቶ «ድንጋዩን የሚነካ እጅ ይቆረጣል» ብሏል።

ውዴ «ይንገሯቸው እንጂ» አለች።

«ምን ብዬ?»

«ጆሮዬ ሻግቷል ብለው።»

«ከምል ብሞት ይሻለኛል!»

«አንቱማ አይሞቱም። የሚሞቱት እነሱ ናቸው።»

ይህን አልጽፍም አለች። ጻፊ አልኋት።

ቅዳሜ

ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተቀመጥን። ቄሱ ጸሎት አደረሱ። ተነሣሁ።

«ሐሙስ ሙጬ ያለውን አልሰማሁም። ግራ ጆሮዬ ሻግቷል። የነቀነቅሁት አፍሬ ነው። ያልሰማ ራስ የነቀነቀው ፍርድ አይደለም።»

አዲሱ «ጆሮም ይሻግታል እንዴ?» አለ። አንድ ሁለቱ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ያዙ፤ አየኋቸው።

ሙጬን በቀኜ አስቀመጥሁት። «በል፣ ወንድምህም እንዲሰማህ ጮክ ብለህ ድገመው» አልሁት።

ጀመረ። ድንጋዩ ጋ ሲደርስ አቆመ። በሹክሹክታ የሚባል ነገር ሲጮህ ያስፈራል። ወንድሙን አየ፤ መሬት አየ። «እኔ... ይለካልኝ ነው የምለው» አለ።

አዲሱ «ይለካ» አለ።

አልታረቁም። እጅ ለእጅም አልተያያዙም። ገብሱ ሳይታጨድ ድንበሩ ሽማግሌ ባለበት ሊለካ፣ እስከዚያ ማንም ድንጋዩን ላይነካ ዋስ ጠሩ። ዋሱን በሁለት ጆሮዬ አስደግሜ ሰማሁ፤ በግራው ያው ጥቂት ነው።

እሑድ

ከቅዳሴ ስመለስ በእርሻቸው በኩል ዞርሁ። ድንጋዩ ቆሟል። ሙጬ ከሩቅ ቆቡን አውልቆ እጅ ነሣኝ። አዲሱን አላየሁትም።

ማሳከኩ ቀንሷል። ዛሬ ትራሴ አልሸተተም። ቅዳሴውን በግራዬም የሰማሁ መሰለኝ፤ ወይም በቃሌ ስለማውቀው ይሆናል። ጠብታው አለ፣ አላቋርጥም። ነገ ይህ ለሐኪሟ ይነበባል።

በይ ውዴ፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ሐሙስ ላይ ስትደርሺ እንዳትዘልዪው።