የግሱ ባለቤት

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ መጋቢት 12

ውድ አባዬ፣

ነገሩ የተበላሸው ፕሮፌሰሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እኛ» ያሉ ጊዜ ነው።

ያን ቀን በትምህርት ክፍላችን የስብሰባ አዳራሽ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ግድግዳው ላይ ፕሮፖዛሌ በትልቁ በርቷል። ርእሱ የእኔ፣ የቆርቆሮ ጣሪያው ፎቶ የእኔ፣ ፎቶው ጥግ ላይ መሰላሉን የረገጠው የእማዬ እግር ሳይቀር የእኔ። ከርእሱ ሥር የተጻፈው ስም ግን የእኔ አይደለም። «እኛ» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ «ዩኒቨርሲቲው ለሁለተኛ ዲግሪ በሚሰጠው የገንዘብ ድጋፍ ክፍላችንን ወክሎ የሚወዳደር ሥራ አዘጋጅተናል።» ይህን ብለው እጃቸውን ወደ ረዳታቸው ዘረጉ። ረዳታቸው የእህታቸው ልጅ ነው፤ በሙቀትም በብርድም ሱፉን ስለማያወልቅ «ባለሱፉ» እንለዋለን። ተነሥቶ እጅ ነሣ፤ ተጨበጨበለት። እኔም አጨበጨብኩ አባዬ! እጄ ከአእምሮዬ ቀደመ። እስካሁን ከሁሉ የሚያናድደኝ እሱ ነው።

አትደንግጥ፣ ደብዳቤው በደስታ ነው የሚያልቀው። ደስታውን ካስቀደምኩልህ ንዴቴን ዘለህ ታነበዋለህ ብዬ ነው ያቆየሁት።

ሥራውን ታውቀዋለህ። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ መውረድ ሲጀምር መምህሩ የሚናገረው የኋላ ወንበር አይደርስም። ታዲያ ከአሮጌ ጆንያና ከጭድ ተጣብቆ የተሠራ፣ ከኮርኒስ የሚረክስ ገበር ከጣሪያው ሥር ቢለጠፍ ጩኸቱን ምን ያህል ይውጠዋል? ጥያቄዬ ይኸው ነው። ከየት እንደመጣ ለአንተ አልነግርህም።

ሙከራውን ግን ደብቄህ ነበር፤ እማዬ «ለአባትሽ ብትነግሪ ወዮልሽ» ስላለችኝ። በጋ ነበርና ዝናብ የለም፤ የማመልከቻው ቀን ደግሞ ክረምትን አይጠብቅም። ስለዚህ እማዬ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ መሰላል ላይ ወጣች፤ በአትክልት ማጠጫ ጣሪያችን ላይ ዝናብ አዘነበች። እኔ ቤት ውስጥ ቆሜ እያነበብኩ፣ ጎረቤቶቻችን ልብስ ሰፊውና ፀጉር አስተካካዩ ከጓዳው በር ተቀምጠው የሰሙትን ይጽፋሉ፤ ልክ አንተ ለተማሪዎችህ ትሰጥ እንደነበረው የቃል ጽሑፍ ፈተና። ገበሩ ሳይለጠፍ በፊት «መምህሩ መጣ» ብል ፀጉር አስተካካዩ «ምሳው መጣ» ብሎ ጽፎ አገኘሁት።

«የራበው ሰው ጆሮ!» ብሎ ልብስ ሰፊው ሳቀበት።

የእሱን ወረቀት ብናይ «አማቹ መጣ» ይላል።

«ይሄ ደግሞ የፈራ ሰው ጆሮ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

እማዬ ከላይ «እኔን እዚህ አንጠልጥላችሁ ምን ያስገለፍጣችኋል!» ትላለች። አንዲት መንገደኛ ቆማ «እትዬ፣ ቤቱ እየተቃጠለ ነው እንዴ?» ብትላት፣ «የለም፣ ልጄ ትምህርት ላይ ናት» አለቻት።

ገበሩ ከተለጠፈ በኋላ ሁለቱም አንድም ሳይስቱ «መምህሩ መጣ» ብለው ጻፉ። ልብስ ሰፊው «ቤትም እንደ ካፖርት ገበር ያምረዋል ለካ!» አለ። እኔ ወረቀቶቹን ይዤ ጓሮ ወጣሁ። «መምህሩ መጣ» የሚለውን ደጋግሜ እያነበብኩ የአንተን ክፍል አሰብኩ።

ያን ነው እንግዲህ «ያርሙልኝ» ብዬ ለፕሮፌሰሩ የሰጠሁት። ከስብሰባው እንደወጣን ቢሯቸው ገባሁ።

«ልጄ፣ ተቀመጪ» አሉኝ።

አልተቀመጥኩም። «ሥራው የእኔ ነው» አልኩ።

«የእኛ ነው» አሉ በፈገግታ። መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ገለጡ። «ራስሽ የጻፍሽውን እይው። ‹ለካን፣ አነጻጸርን፣ አገኘን።› እስቲ ‹እኔ› የሚል ካለ አሳዪኝ።»

ገለበጥኩት። የለም። ለመድኃኒት እንኳ የለም!

«ዘንድሮ መረጃ ሰብሳቢ ብለን ከኋላ እናስገባሻለን። ተራሽ ይደርሳል» አሉኝ። አንቱታው ብዙ ቁጥር መሆኑ ሳያሳስታቸው አልቀረም፤ አንድ ሰው ሆነው ሳለ «እኛ» ነን ብለው ከልባቸው አምነዋል።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ታውቃለህ? የአንተ ነው! «እኔ እኔ እያለ የሚጮህ ፍየል ብቻ ነው» እያልክ ያሳደግኸኝ አንተ ነህ። በልጅነቴ ከጻፍኩት ሁሉ «እኔ»ን በቀይ እስክሪብቶ ትሰርዝ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ስናደድብህ መጣሁ። ወርጄ የቤታችንን በር ስከፍት ግን ሌላው ትምህርትህ ትዝ አለኝ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ትጽፍና በጠመኔህ ግሱን መታ መታ አድርገህ «የዚህ ግስ ባለቤት ማን ነው? ያለ ባለቤቱ የሚሄድ ግስ ሌባ ይወስደዋል» ትል ነበር።

ሌባ ወስዶት ነበር፤ ላስመልሰው ተቀመጥኩ።

ቅዳሜን ሙሉ የማድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ እያንዳንዱን ግስ ባለቤትህ ማን ነው እያልኩ ጠየቅሁ። ‹ን›ን እየነቀልኩ ‹ሁ›ን ተከልኩ። ለካሁ። አነጻጸርሁ። አገኘሁ። መጀመሪያ አፈርኩ፤ ቀጥሎ ለመደኝ፤ ኋላማ ጣፈጠኝ። «ዝናብ አዘነብን» የሚለው ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። እኔ መች አዘነብኩ? «እናቴ አዘነበች» ብዬ አረምኩት። ልብስ ሰፊውና ፀጉር አስተካካዩ «ሰሙ፣ ጻፉ» አልኩ። ገበሩን አራታችንም ተጋግዘን ነበርና «ለጠፍን» የሚለው እንዳለ ቀረ። «እኛ»ን አልጠላሁትም አባዬ፤ እውነት በሆነበት ቦታ ተውኩት።

የውድድሩን ጥሪ ደግሜ ሳነበው «ምሩቃን በግላቸውም ማመልከት ይችላሉ» ይላል። ይህችን መስመር ማንም አላሳየንም። ሰኞ የድጋፍ ጽሕፈት ቤቱ ፀሐፊ ዘንድ ቀረብኩ።

«የክፍልሽ ደብዳቤስ?»

«የለኝም።»

«የአማካሪ ፊርማ?»

«እሱም የለኝም።»

«ታዲያ ምን አለሽ እቴ?»

«እኔ አለሁ።»

ቀና ብላ አየችኝና ማኅተሟን ደለቀችው። «ጥሪውም ከዚያ በላይ አይጠይቅም» አለች።

ገምጋሚዎቹ ሁለት መንታ ፕሮፖዛል ቢደርሳቸው እኔንና ባለሱፉን አንድ ላይ ጠሩን። ሰብሳቢዋ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው።

«ዝናቡን ማን አዘነበው?» አሉ።

ባለሱፉ ኮቱን ቆለፈ። «የተፈጥሮ ዝናብ ነው፣ ክብርት ሰብሳቢ።»

«በየትኛው ወር?»

ገጹን አገላበጠ። «በ... በጥር።»

«በጥር! እኔ ሰፈር በጥር የሚንጠባጠበው የታጠበ ልብስ ብቻ ነው» አሉ። ከዚያ ፎቶውን አነሡ። «ይህ እግርስ የማን ነው?»

«የጉልበት ሠራተኛ ይመስለኛል» አለ።

ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። «የእናቴ ነው» አልኩ። «ዝናቡን ያዘነበችውም እሷ ናት፣ በአትክልት ማጠጫ። የግራ ጫማዋ ማሰሪያ የተበጠሰው ያን ቀን ነው።» ገምጋሚዎቹ ሳቁ፤ ሰብሳቢዋ እንባቸውን እስኪጠርጉ። ሳቁ ሲበርድ ለምን ይህን ጥያቄ እንደመረጥኩ ጠየቁኝ። «ዝናብ ሲጀምር ሁለት እጁን አፉ ላይ ደግኖ፣ ድምፁ እስኪዘጋ የሚጮህ አንድ መምህር አውቅ ነበር» አልኩ። መምህሩ አባቴ መሆኑን ግን አልነገርኳቸውም።

ውጤቱ ትናንት ተለጠፈ። አንደኛ ነኝ! አንደኛ መደብ፣ ነጠላ ቁጥር! የትምህርቱም፣ የቤተ ሙከራውም፣ አንድ ሙሉ የመማሪያ ክፍል ገበር የማልበሱም ወጪ ተሸፍኗል። ክፍሉን እንድመርጥ ፈቅደውልኛል፤ መርጫለሁም። አንተ ታስተምርበት የነበረው፣ በሩ ገጥሞ የማይዘጋው፣ ጥቁር ሰሌዳው በቀኝ ጥጉ የተሸረፈው ነው።

ፕሮፌሰሩ ኮሪደር ላይ እጃቸውን ዘርግተው መጡ። «እንኳን ደስ አለን!» አሉኝ።

«እንኳን ደስ አለኝ» አልኳቸው። አንቱታቸውን አልነፈግኋቸውም፤ ግሱን ግን አልሰጠኋቸውም።

እማዬን ሰፈሩ ሁሉ «ዝናብ አዝናቢዋ» እያለ ይጠራታል። አዲስ ጫማ ገዝታለች፤ «ለሚቀጥለው ፎቶ» ትላለች። ልብስ ሰፊው «ለምረቃሽ ቀሚሱን እኔ ነኝ የምሰፋው፣ ገበር ያለው» ብሏል። አንተን ደግሞ ጤና ይስጥልኝ፤ ሞቅ ያለ ውሃ ከአጠገብህ አይጥፋ፤ አሁን የምትሠራበት የመጋዘኑ አቧራ ይራቅልህ። ቤቱ ያስጠጋህን አጎቴንም ያቆይልኝ።

አሁን የማልቀበለውን ልንገርህ። ከእንግዲህ ያልለካ ሰው «ለካን» ሲል አላጨበጭብም። «ተራሽ ይደርሳል» የሚለኝን ቆሜ አልሰማም። አንተም አትቀርም። ስደውል አጎቴ «አባትሽ ተኝቷል» ይለኛል፤ ከበስተኋላው ሳልህ ይሰማኛል። ድምፅህ ሻካራ ይሁን፣ ይቆራረጥ፣ ሹክሹክታም ይሁን ግድ የለኝም፤ በስልክ መካከላችን ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርደው ዝናብ የሚጋርድ ነገር የለም። እሁድ እደውላለሁ። ምርቃትህን ከእንግዲህ በጽሑፍ አልቀበልም።

የግሱ ባለቤት፣
ልጅህ