ዓመተ ምሕረት ያልጻፍኩበት ዝርዝር

ይድነቄ፣

ፖስት ካርዱ ፊት ላይ የምታየው የኦስሎ ወደብ ነው፤ እኔ ግን ከቤተ መዛግብቱ ሌላ ያየሁት የለም። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ የፍርድ ቤት መዝገብ አገላብጣለሁ። የተመዘገቡት «ደናችንን ጨረሱብን» ተብለው እንዲባረሩ የተፈረደባቸው መጤዎች ናቸው። ጠዋት ሬዲዮ ስከፍት ደግሞ ስለ ስደተኞች ሲከራከሩ «የኪራይ ቤቱን ጨረሱብን» ይላሉ። ይኸ ወሬ አያረጅም።

ትናንት ግሮሩድ በሚባል ሰፈር፣ ባረፍኩበት ቤት፣ ከመዝገቡ ወደ አማርኛ የገለበጥኩትን የስም ዝርዝር ጠረጴዛ ላይ ትቼ ሻይ ላፈላ ተነሳሁ። «ማርያ፣ አርባ ዓመት። ፊሊፕ፣ ዘጠኝ ዓመት። በረዶው ሲቀልጥ ይውጡ።» አንተ ተማሪዎችህን የምትቆጣበትን ጥፋት ሠርቼ ዓመተ ምሕረቱን አልጻፍኩም። ስመለስ አከራዬ እታለም ከጽዳት ሥራዋ ገብታ፣ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ታነበዋለች። ስሞቹን አንድ በአንድ በጣቷ ትከተላለች።

«ጋሼ፣ ይኸን ኮሙኑ ነው ያወጣው?»

ኮሙን የሚሉት እዚህ ማዘጋጃ ቤቱን ነው። ሰዎቹ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው እንደሆነ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። ቀበሌ ሰሌዳ ላይ ስም ሲለጠፍ ልባችን ቀጥ ይል የነበረውን ታስታውሳለህ? ፊቷ ላይ ያንን አየሁ። የኖርዌይ ዜግነት ካገኘች እኮ ሃያ ዓመቷ ነው።

ቦታው አለቀብኝ። ባለቤትህን ፍሬን ሳምልኝ፣ ለጉልበቷ ቅባቱን ገዝቻለሁ በላት። ወረቀቱን ስትመልስልኝ እታለም ምን አለችኝ መሰለህ? «መጀመሪያ የፈለግኩት የሜሉን ስም ነው።» ሜሉ ልጇ ናት፤ እዚሁ ነው የተወለደችው።

ገነነ