የተረፈችው ብሎን

ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬም ዶሮዋ መፍቻዎቼ ላይ እንቁላል ጣለች፤ በደሏ በዝቷል።

አሮጌውን የጣሊያን ሞተር ብስክሌት ፈትቼ በገጠምኩ ቁጥር ከኪሴ ሌላ ብሎን አውጥቼ ለእህቴ ልጅ ለየሺ አሳያታለሁ። «ይህቺ ደግሞ ከየት ተረፈች?» እላለሁ። ትደነግጣለች፤ እስቃለሁ።

ዛሬ ፍሬኑን ጠግኜ ስጨርስ የእውነት አንዲት ብሎን ተረፈች። የሺ ሞተሩ ላይ ወጥታ ነበር።

«ቆይ፣ አትሂጂ፤ ብሎን ተርፋለች» አልኳት።

«ጋሼ፣ አሁንስ አዲስ ቀልድ ይፈልጉ» ብላኝ ወደ ደምበጫ ሄደች።

ቅባቱን ጠርጌ ሳያት የኋላውን ፍሬን የምትይዘው ናት። መንገዱ ቁልቁለት ነው። ስልኳን አታነሳም። ስንት ዓመት ያስተማርኳት ይህንኑ ነው፤ እንዳታምነኝ።

ይህን ስጽፍ የውጭው በር ተንኳኳ። የሞተር ድምፅ ግን አልሰማሁም።