ከሰማይ የታየ ጓሮ

አሪቻ፣ ታኅሣሥ 9

ውድ ሲላስ፣

ሀዋሳ ከሙቀቱ በቀር እንደተስማማህ ከአክስትህ ከዘነቡ እሰማለሁ። ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ እችል ነበር፤ ግን አንተ ሰው አታስጨርስም፣ እኔም ስልክ ላይ ቶሎ እቆጣለሁ። በየማታው የዋልኩበትን የመጻፍ ልማድ እንዳለኝ ታውቃለህ። የሰሞኑን ለራሴ ከምጽፍ ላንተ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው። ወንድሜ ነጅሙዲን ጎማ ሊገዛ ስለሚመጣ እጅህ ላይ ያደርስልሃል።

ነገሩ የአባትህ የዛፎቹ ጉዳይ ነው። እሱ እንደማይነግርህ አውቃለሁ።

በጥቅምት መጨረሻ የድምፅ መልእክት ልከህለት ነበር። «አባዬ፣ አውሮፓ አዲስ ሕግ አውጥቷል። ከደን የሚወጣ ቡና አይገዙም። በሳተላይት ነው የሚያዩት። ከአሁኑ አንድ ነገር አድርግ» ትላለህ። አሪቻ ውስጥ ይህን ያልሰማ ሰው የለም። አባትህ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ያሰማ ነበር፤ እሸት ቡናውን ይዞ እኔ ማጠቢያ ጣቢያ ሲመጣም ከሚዛኑ አጠገብ ቆሞ ያሰማ ነበር። «ልጄ ነው» ይላል፣ ድምፅህን ያላወቀ ያለ ይመስል።

አንተ ይህን ብለህ ወደ ሥራህ ተመለስክ። እሱ ግን አሰበበት። ጓሮውን ታውቀዋለህ፤ ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ መሬቱ ላይ ጎደሬና ጎመን። «ካሜራው ከሰማይ ሲያይ ቡናዬን አያየውም» አለኝ፤ «ዛፉን አይቶ ደን ነው ይላል። ዛፉ ከወረደ ግን እርሻ መሆኑ ይታያል።» ስትሰማው ልክ ይመስላል። ጎረቤቶቹም ዓይናቸው እሱ ላይ ነበር፤ ወልደዮሐንስ ከቆረጠ እነሱም ሊቆርጡ። ለመጀመር የመረጠው ደግሞ ከጣቢያዬ ድንበር ላይ ያለውን ትልቁን ዋንዛ ነው።

አዲስ አበባ ለትንቢት ደወልኩ፤ ቡናዬን ወደ ውጭ የሚልክልኝ ድርጅት ሠራተኛ ናት። «እትዬ ረህማ፣ እንዳይነኩት» አለች። «የማይገዙት በቅርብ ዓመታት ደን ተመንጥሮ የተተከለውን ነው። የነሱ ካርታ የእናንተን ጓሮ በስህተት ደን ብሎ ይዞታል። ስህተቱን ማስተካከል ይቻላል። ዛፉን ከቆረጡት ግን በካርታው ደን መነጠሩ ማለት ነው፤ ያኔ እኔም ላግዛችሁ አልችልም።»

አባትህ ቤት ሄጄ ይህንኑ ነገርኩት።

«ልጄ የተማረ ነው። አንቺ ነጋዴ ነሽ» አለኝ።

«የሚገዛኝ ሰው የሚፈልገውን ካላወቅኩ ምኑን ነጋዴ ሆንኩ?»

«አንቺ የፈለግሽው ጥላውን ነው። ሠራተኞችሽ የሚውሉት የኔ ዛፍ ሥር ነው።»

«እሱም አለበት» አልኩት። እውነት ስለነበር አልካድኩም። ጥላ ያጣ ቡና ፀሐይ ቸኩሎ እንደሚያበስለውና ፍሬው እንደሚያንስም ነገርኩት። ይህን ከኔ በላይ ያውቀዋል።

«ፊሊጶስ ነገ ጠዋት መጋዙን ይዞ ከወናጎ ይመጣል። አልቋል» አለኝ።

ያን ቀን ደጋግሜ ደወልኩልህ፤ መስክ ላይ ስለነበርክ ስልክህ አይሠራም። ገዢው ደግሞ በዚያው ሳምንት ሐሙስ ከጀርመን እንደሚመጣ ተነግሮኛል። አባትህ ቆርጦ የጣለውን ዋንዛ ሰውየው ተራምዶ ሊገባ ነው።

ከእሸቱ ጥሬውንና የተበላሸውን የሚለቅሙልኝን ሴቶች የምትመራው ዘነቡ ስለሆነች ለሷ ነገርኳት። ቡናውን ከእጇ ሳታስቀምጥ ሰማችኝ።

«ወንድሜን በአፍ አትችዪውም» አለች። «ነገ በማለዳ ግንዱን ከበን እንቀመጣለን። ሰው ላይ ዛፍ የሚጥል የለም።»

«አላህ ይስጥሽ።»

«ግን መሬት ላይ አይደለም የምንቀመጠው። ወንበር አሠሪልን ስንልሽ በየዓመቱ ‹ለከርሞ› ትያለሽ። ወገባችን ከርሞን አይጠብቅም።»

«ዘነቡ፣ ይሄ አሁን ይነሳል?»

«አሁን ነዋ የፈለግሽን።»

ስንት ዓመት ስነግድ እንዲህ በጠባብ ቦታ የያዘኝ ሰው አላስታውስም። እሺ አልኩ።

በማግስቱ ፊሊጶስ መጋዙን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲመጣ ሴቶቹ እሸታቸውን ዘርግተው ግንዱን ከበዋል። አያቸውና ወደ አባትህ ዞረ። «ጋሼ፣ የጠሩኝ ለዛፍ ነው ወይስ ለሴቶች?»

«ከኔ ጀምር» አለችው ዘነቡ። «ከሁሉም የደረቅኩት እኔ ነኝ፤ መጋዝህን አላስቸግርም።» ሴቶቹ ሳቁ።

«ዘነቡ፣ ተነሺ» አለ አባትህ።

«ሥራ ላይ ነኝ። አሠሪዬን ጠይቅ።»

አባትህ ወደኔ አየ። «የሚሠራ ሰው አላስነሳም» አልኩት። ከዚያም ፊሊጶስን ወደ መጋዘኑ ጀርባ ወሰድኩት፤ ለጣሪያ ብዬ ያስቀመጥኩት የባሕር ዛፍ ግንድ ነበረኝ። «ይህን ሰንጥቅና አግዳሚ ወንበር ሥራልኝ» አልኩት። መጋዙ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ዋለ፤ ዋንዛውም ቆሞ ዋለ። አባትህ ግን አኮረፈኝ። እስከ ሐሙስ እሸቱን ሌላ ጣቢያ አስረከበ፤ ተከፋሁ፣ አልፈርድበትም።

ሐሙስ ገዢው ከትንቢት ጋር መጣ። ቡናውን ሳያይ መጀመሪያ ሄዶ ከሴቶቹ መካከል ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። በትንቢት በኩል ዘነቡን ይጠይቃት ጀመር፦ ውሃ ከየት ትጠጣላችሁ፣ ስንት ጊዜ ታርፋላችሁ፣ መጸዳጃው የት ነው። ቀጥሎ ወንበሩ መቼ እንደተሠራ ጠየቀ።

ዘነቡ አየችኝ። ‹ቆይቷል› በይ ብዬ በዓይኔ ለመንኳት።

«በዚህ ሳምንት» አለች። «ከዚያ በፊት መሬት ላይ ነበርን።»

ያን ጊዜ መሬት ብትውጣት አልጠላም ነበር። ገዢው ግን ሳቀ። በሄደበት ሁሉ ‹ዱሮም እንዲህ ነን› እንደሚሉት፣ ያን ሲሰማ ሌላውንም ማመን እንደሚያቆም ትንቢት ተረጎመችልን። ገና የሚጎድለኝንም ነገረኝ፤ የማጠቢያውን ቆሻሻ ውሃ የሚይዘው ጉድጓድ ጠቧል። ልክ ነው፣ ማስፋት ጀምሬያለሁ።

ይህን ስንነጋገር አባትህ መጣ። ተላጭቷል፣ የእሑድ ኮቱን ለብሷል። እኔን ሰላም ሳይል ትንቢትን «ጠይቂልኝ» አላት። «የኔ መሬት ደን ነው ወይስ ጓሮ?»

ሰውየው ተነሳና ተያይዘው ወደ ጓሮው ገቡ። ቆዩ። ሲመለሱ የገዢው ጫማ ጭቃ ሆኗል፤ አባትህ ደግሞ እንግዳ እንዳስተናገደ ሰው ቀና ብሎ ይሄዳል። ጓሮ ነው ተባለ። ይሁን እንጂ ቢሯቸው የሰውየውን አፍ ብቻ አያምንም፤ ቡናው ከመጫኑ በፊት የእያንዳንዱ ገበሬ መሬት ድንበሩ ስልክ ተይዞ እየተዞረ በካርታ ላይ መመዝገብ አለበት። ያ ከተሟላ ያለኝን ሁሉ ይወስዳል። ዋጋውም ደህና ነው፤ ሳልከራከር የተቀበልኩት ስለደነገጥኩ አይደለም።

አሁን ወደ ጻፍኩበት ጉዳይ ልምጣ።

ገዢው እንደሄደ ገበሬዎቹ ሚዛኑ ጋ ተሰብስበው ነበር። አንዱ «ሲላስ እኮ ሊያስቆርጠን ነበር» አለ። አባትህ ኮሌታውን አስተካክሎ «ሲላስ በትክክል ነው የነገረኝ» አላቸው። «እኔ ነኝ በቅጡ ያልሰማሁት። አርጅቻለሁ።» ሁሉም እሸቱን ወደ ማስመዘን ተመለሰ። እኔም መልእክቱን ደጋግሜ ስለሰማሁት ምን እንዳልክ አውቃለሁ፤ እነሱም ያውቃሉ። በኋላ ዘነቡ እንደነገረችኝ መልእክቱን ከስልኩ አጥፍቶታል። የራሱን ስም አስይዞ ያንተን አስለቀቀ።

ላሳፍርህ አይደለም። ያየኸውን ቶሎ መንገርህ ለአባትህ ከማሰብ ነው። ግን ድንበራችሁን ማን ይዙርላችሁ ስላቸው፣ ባዕድ አናስገባም፣ ሲላስ ይምጣ ያሉኝ አባትህ ያን ካለ በኋላ መሆኑን እወቅ።

ስለዚህ ፈቃድ ጠይቀህ ና። የድካምህን እከፍላለሁ፤ ማረፊያህ አባትህ ቤት ነው። ከሱ መሬት ጀምር፣ እሱ ይምራህ። ይህን እንደጻፍኩልህ አትንገረው፤ አሁን እሸቱን ወደኔ መልሷል፣ ሰላማችንን አታበላሽብኝ። ብቻ በሰው ፊት ደግሞ «እኔ ነኝ ያልሰማሁት» ካለ፣ እኛ እንዳሳለፍነው አንተም ዝም ብለህ እንዳታሳልፈው።

ድንበር ላይ የምትጠብቅህ ጎረቤትህ፣
ረህማ