ከማጠፊያው ሥር የተሰካው እጀታ

የታላቅ ወንድሜን የሕይወት ታሪክ ጻፊ የተባልኩት እኔ ነኝ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ስለዚህ ከማውቀው ልጀምር። የቤታቸው በር ሃያ ዓመት ሙሉ አንገብግቦኛል።

ወንድሜ ከአናጺ አባታችንና ከልብስ ሰፊ እናታችን በኩር ሆነው ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ የአባታችንን ካቻቢቴ እየደበቁ ያገኙትን ዕቃ ሁሉ ይፈታቱ ነበር። በፊዚክስ ተመርቀው ከሠላሳ ዓመት በላይ ስለ ጉልበት፣ ስለ ሚዛን፣ ስለ ማንሻና ስለ እንቅስቃሴ አስተማሩ። ተማሪዎቻቸው «ጋሽ ማንሻ» ይሏቸው ነበር። ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ። ባለቤታቸው ልጆቹ ሳያድጉ ሲያርፉ፣ እኔ ላሳድጋቸው ጓዜን ጠቅልዬ ገባሁ።

በሩን አባታችን ናቸው የሠሩት፤ ወፍራም እንጨት ነው፤ ከውጭ የሚከፈተው ተስቦ ነው። ወንድሜ እጀታውን ከጫፉ ነቅለው ከማጠፊያው ሥር ሰኩት። በየዓመቱ አዳዲስ ተማሪዎች እያመጡ «እስቲ ሳቡት» ይሏቸዋል። ልጆቹ ላባቸው ጠብ እስኪል ይታገላሉ። ከዚያ ወንድሜ የበሩ ጫፍ ላይ ገመድ ያስሩና «አሁንስ?» ይላሉ። በሩ እንደ መጋረጃ ይከፈታል። «ጉልበት ብቻውን አይበቃም፤ ዋናው ከየት እንደምትይዙት ነው።» ተማሪዎቹ ተምረው ይሄዳሉ፤ እኔ በሁለት እጄ ባልዲ እንደያዝኩ ደጅ እቀራለሁ። «ጋሼ፣ እኔስ መቼ ነው የምመረቀው?» ስላቸው ይስቁ ነበር። እጀታውን ግን አላነሱትም።

አምና ሕመም ከእጃቸው ጀመራቸው። ጠመኔ መያዝ አቃታቸው። አንድ ቀን በሩ ፊት ቆመው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው።

«እጄ አልደከመም፤ እጀታው ከማጠፊያው ያለው ርቀት አንሶ ነው» አሉኝ።

«ታዲያ አይጨምሩትም?»

«አይነካም!»

ሆስፒታል በገቡ ማግስት ካቻቢቴ ይዤ ብሎኖቹን ፈታሁ፤ እጀታውን ወደ ጫፉ ወስጄ አጠበቅሁት። ሲመለሱ ራሳቸው እንዲከፍቱት ብዬ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አረፉ። ሁለት ሴት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። ሰው ያለቅሳል፤ እኔ እስካሁን አልመጣልኝም። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ደጅ ሳያቆም ያስገባልን።

ትናንት ከሰዓት አስከሬናቸው ከሆስፒታል ሲመጣ የተሸካሚዎቹ እጅ ሙሉ ነበር። በሩን እኔ ሳብኩት። በአንድ ጣት ተከፈተ።