ከዊልቸሬ ጋር የሚያስገባኝ ሆቴል

ውድ ወንድሜ ግሩም፣

ጅማ ሥራውም አየሩም ተስማምቶሃል ወይ? እኔ እዚሁ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ደህና ነኝ።

«ከቤት አትውጪ» ያልከኝን ሰምቻለሁ፤ እሺ ግን አላልኩም። የፊታችንን ቅዳሜና እሁድ ከጎረቤቴ ከሶሬቲ ጋር ሆቴል ነው የማሳልፈው። ሆቴል ልንመርጥ ስንዞር፣ መጀመሪያ ያየነው ሆቴል ሥራ አስኪያጅ፣ «አራት ሰው ተሸክሞ ደረጃውን ያወጣሻል» አለኝ።

«የመጣሁት ለመዝናናት እንጂ እንደ ጆንያ በሸክም ለመውጣት አይደለም» አልኩትና ሶሬቲን «አዙሪኝ» አልኳት።

ሁለተኛው ሆቴል ደረጃ የለውም። የመታጠቢያ ቤቱን በር በሜትር አስለካሁ፤ ዊልቸሬን ያሳልፋል። ባለታክሲው ጋሽ በዳዳም ዊልቸሩን አጥፈው ጭነው ከሆቴሉ እንጦጦ ፓርክ ሊያደርሱን ተስማምተዋል።

ይህን የጻፈችልኝ ሶሬቲ ናት። ብርዱ ጣቶቼን ትንሽ አደንዝዟቸዋል፤ ለእማዬ ስትደውል አትንገራት። «እስከ መስከረም ጠብቂ» ማለትህን ግን ተው። የምሄደው አሁን ነው።

እግዚአብሔር መንገድህን ሁሉ ደልዳላ ያድርግልህ።

እህትህ ሙሉጌጥ