አባትሽ አልተቀየመሽም

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 9 ቀን። ከጠዋት ጀምሮ ያካፋል፤ ቤት ያለነው እኔ፣ አባትሽና አክስትሽ ነን።

ልጄ፣ ጤናውን ያብዛልሽ፤ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ። አክስትሽ ሰላም ብላሻለች። ጣሪያው ተጠግኖ ማፍሰሱን ትቷል።

አባትሽ ስልክ ላይ «እሺ» ብቻ ብሎ የሚዘጋው ተቀይሞሽ አይደለም። ትንፋሹ አንድ ወሬ አያስጨርሰውም፤ ሲያለከልክ እንድትሰሚው አይፈልግም። ሐኪሟ እንዳስረዳችን የሳንባው የአየር ቧንቧዎች ጠበዋል፤ የሳበው አየር ተሟጦ ስለማይወጣ አዲሱ መግቢያ ያጣል። ሲጋራውና የአናጢነቱ ብናኝ ተባብረው ነው ለዚህ ያደረሱት። የተበላሸው አይመለስም፤ ሲጋራ መተው ግን እንዳይብስበት ይረዳዋል። ትቷል። መድኃኒቱን በአፉ ይስባል፤ መብላት እንኳ ስለሚያደክመው ከስቷል።

«ለልጅቷ እንዳትነግሪ፣ አረጀ ትለኛለች» አለኝ።

«ታዲያ ጎረምሳ ልትባል ኖሯል?» አልኩት። ሳቁ ሳል ሆነበት።

እባክሽ ስትደውዪ አንቺ ብዙ አውሪ፣ እሱ ይስማሽ። ዕድሜና ሰላም ይስጥሽ።

እናትሽ

ረቡዕ። ደብዳቤው ሳይላክ አደረ። ዛሬ ጠዋት አንድ ወንበር ወስጄ ደረጃው መሀል አስቀመጥኩ።

«ለማን ነው?» አለ አባትሽ ደረጃውን እያለከለከ ሲወጣ።

«ለእኔ፣ ጉልበቴን አሞኛል።»

«እንግዲያው ቦታ ልያዝልሽ» ብሎ ተቀመጠ።